የላከች ታምጣ

ሚስ ፊሽካዋን ነፍታ «ሁለት ሁለት ሁኑ!» ባለች ጊዜ ሁሉም እየሮጠ የጓደኛውን እጅ ያዘ። እኔ ጎንበስ ብዬ የሸራ ጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። ቀና ስል የቀረችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ከባሕር ዛፎቹ ሥር እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች። ከጭልጋ የመጣችው ረጅሟ ልጅ ነበረች።

ወደ ትምህርት ቤታችን ከመጣች ወዲህ ከማንም ጋር ስትጫወት አላየናትም። ከጎንደር ወጣ ብሎ በፀዳ መንገድ ከሚኖረው አጎቷ ቤት እያደረች በየቀኑ በእግሯ ትመላለሳለች። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከአግዳሚው ወንበር በስተግራ ጫፍ ነው። ሌላ ልጅ ቀድማ ቦታውን ከያዘችባት አትጣላም፤ አጠገቧ ቆማ እስክትነሣላት ዝም ብላ ትጠብቃለች። ይህን አይተው ኩራተኛ ናት ይሏት ነበር። እኔም እንደዚያው አስብ ነበር።

«ምን ትጠብቃላችሁ? አንቺና አንቺ!» አለች ሚስ በጣቷ እያመለከተችን። እንዲህ ተጣመርን።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ሚስ ከአዲስ አበባ የተላከች ወጣት አስተማሪ ነበረች፤ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ስትራመድ የምትቸኩል፣ ስትስቅ ደግሞ አፏን በእጇ የማትሸፍን። መረብ ኳስን ለሴት ልጅ የሚያስተምር ሰው ከሷ በፊት አላየንም። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አስተክላ መረቡን ወጠረች፤ ሜዳውን በኖራ አሰመረች። እኛም ወዲያው ጨዋታ የሚጀመር መስሎን ቋመጥን። እሷ ግን መረቡ አጠገብ አላስደረሰችንም። «መጀመሪያ ኳሷን ልመዷት፤ እሷም ትልመዳችሁ» አለች።

ሥራችን ጥንድ ጥንድ እየሆንን ፊት ለፊት መቆምና ኳሷን መሬት ሳናስነካ መላላክ ብቻ ሆነ። አንዳንድ ቀን በጣቶቻችን ከግንባራችን በላይ እንገፋታለን። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጉልበታችንን አጥፈን፣ ሁለቱን ክንዳችንን አጋጥመን ከታች ወደ ላይ እናነሣታለን። ማታ ቤት ስንገባ ክንዳችን በርበሬ ይመስላል። ያለን ኳስ ጥቂት ስለነበር ጥንዶቹ ተራ ይጠብቁ ነበር። ተራ የሚጠብቁት በዳር ቆመው በሚሳሳቱት ላይ ይስቃሉ።

የሚስ ሕግ አንድ ነበር። ኳሷ መሬት ከወደቀች ሮጣ የምታመጣት የሳተችው ሳትሆን የላከችው ናት።

«ሚስ፣ ይኼማ ፍርድ አይደለም! የሳተችው እሷ ናት» ብላ አንዷ ተከራከረቻት።

«ጓደኛሽ እንድትይዛት አድርገሽ ካልላክሽላት ምኑን ላክሽ? የላከች ታምጣ» አለችና ፊሽካዋን ነፋች።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ተዳፋት ነው። ያመለጠች ኳስ ተንከባላ የምትቆመው የዘበኛው ጎጆ ዘንድ ስትደርስ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በዚያ ጎጆና በሜዳው መካከል ስሮጥ ከረምኩ። ዘበኛው አዘኑልኝ፤ ገና ስመጣ ሲያዩኝ ኳሷን በከዘራቸው ገፋ አድርገው ይሰጡኝ ጀመር።

የሚያናድደኝ የጭልጋዋ ልጅ አለመቻሏ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ። ከኔ ትበልጥ ነበር። እሷ የምትልክልኝ ኳስ እንደሚያቀብሉት እንቁላል በለስላሳው መጥታ ጣቶቼ ላይ ታርፋለች። እኔ ወደ ቀኟ የላክሁላትንም፣ ምንም ያህል ጠማማ ቢሆን፣ ታነሣዋለች። ኳሷ ወደ ግራዋ ከሄደች ግን አትነቃነቅም። ከጆሮዋ ሥር ሾልካ ስታልፍ ቆማ ታሳልፋታለች። እኔ እሮጣለሁ።

«ምነው ዝም ብለሽ ታሳልፊያታለሽ?» አልኳት አንድ ቀን እያለከለክሁ።

«አልደረስሁባትም።»

«አጠገብሽ እኮ ናት ያለፈችው!»

ክንዷን አጋጥማ ቀጣዩን ኳስ ለመቀበል ተዘጋጀች። ሆን ብላ የምታስሮጠኝ መሰለኝ። ሚስን ጥንድ ይቀይሩልኝ ለማለትም ቆርጬ ነበር።

ሳልላት የቀረሁት በጋሪ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ መንገዳችን ገጠመና ሳንነጋገር ጎን ለጎን ወደ ፒያሳ መውረድ ጀመርን። የገበያ ቀን ስለነበር ጩኸቱ ጆሮ አያሰማም። በስተግራ ካለው ቅያስ አንድ ጋሪ በሩጫ ወጣ። ፈረሱ ትከሻዋ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ እሷ ግን ፊቷን ሳታዞር ትራመዳለች። በቀሚሷ ይዤ ጎተትኳትና ሁለታችንም ከአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ወደቅን። ባለ ጋሪው ሲሳደብ አለፈ።

«አላየሽውም?» አልኳት።

ቀሚሷን አራገፈች። ከዚያ በጣቷ የግራ ዓይኗን ነካ አደረገች።

«በዚህችኛዋ አላይም» አለች።

ትክ ብዬ አየኋት። ዓይኗ እንደ ሌላኛዋ ጥቁርና የጠራች ናት፤ ምንም የሚያሳብቅ ነገር የላትም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ልጅ ሆኜ ኩፍኝ ይዞኝ ነበር። ከተነሣሁ ወዲህ ጨልማ ቀረች።»

«ማን ያውቃል?»

«እናቴ ብቻ። አያ እንኳ አያውቅም።» አያ የምትለው አጎቷን ነው። «ካወቀ ወደ ጭልጋ ይመልሰኛል። በአንድ ዓይን ምን ልትማሪ ነው፣ እሷንም ፊደል ስታዪ ልትጨርሻት ነው ማለቱ አይቀርም። ለማንም እንዳትነግሪ። ለሚስም ቢሆን።»

«አልናገርም» አልኳት። ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ስሮጥ እንደከረምሁ የገባኝ ያኔ ነው። የወንበሩ ጫፍም ገባኝ፤ እዚያ ስትቀመጥ ሰው ሁሉ የሚሆነው በሚያየው ዓይኗ በኩል ነው። ቀና ብላ አየችኝና «ብዙ አስሮጥሁሽ» አለች። «እግሬ ጠነከረልኝ» አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልምምዳችን ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ኳሷን ወደ ቀኟ ብቻ ልላክላት ሞከርሁ፤ እሷ ግን ተቆጣች። «ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ አይልክልኝም። ወደ ግራም ላኪ፤ ብቻ አስቀድመሽ ንገሪኝ» አለች። ድምፄን ከሰማች አንገቷን ታዞርና በሚያየው ዓይኗ ትቀበላታለች። ግን ምን ብዬ ልንገራት? «ግራ! ግራ!» እያልኩ ብጮህ ሚስም ልጆቹም ነገሩን መንቃታቸው አይቀርም።

አባቴ ግራጌታ ነበሩ። በማኅሌት ጊዜ በግራ ወገን የሚቆሙትን ደብተራዎች የሚመሩት እሳቸው ናቸው። በሰፈራችን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም፤ ትንሹም ትልቁም ግራጌታ ነው የሚላቸው። ይህ ትዝ ሲለኝ ቃሉ ከአፌ አመለጠ። ኳሷን ወደ ግራዋ ላክሁና «ግራጌታ!» ብዬ ጮህሁ። ወዲያው ዞር ብላ አነሣቻት። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ልጆቹ አበዱ አሉን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኳስ በግራዋ በመጣ ቁጥር «ግራጌታ!» እላለሁ፤ ማንም ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀም። የቄስ ሰፈር ልጅ እንደዚያ ብታወራ ማንን ይገርማል?

ቤት ውስጥ ግን ሌላ ጣጣ ነበረብኝ። ለአባቴ ኳስ እንደምጫወት ገና አልነገርኳቸውም። ሚስ ልጆቹ ቁምጣ ሱሪ ይለብሳሉ ብላለች የሚል ወሬ ሰፈር ውስጥ ተነዝቶ፣ አባቴ ለእናቴ «የኔ ልጅ ሱሪ ለብሳ አደባባይ አትዘልም» ሲሏት ሰምቻለሁ። እናቴ አንድም ነገር አልመለሰችም። እሷ ዝም ካለች ነገሩ ገና አላለቀም ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ቤት አለመኖራቸውን አይቼ ጓደኛዬን ወደኛ ቤት አመጣኋት። ሚስ ቆዳዋ የተላጠ አሮጌ ኳስ አውሳናለች። ቤታችን አባቴ ከሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጋር ግድግዳ ይጋራል። ከጓሮ በኩል ቆመን መላላክ ጀመርን። ለቤታችን ቅርብ ስለሆንን ያቺን ቃል አፌ ላይ አላመጣኋትም፤ «እ!» እያልኩ ብቻ ነበር የማስጠነቅቃት። ደህና ስንጫወት ቆይተን በኃይል የመታኋት ኳስ ቅጥሩን ዘላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባች።

ሁለታችንም ደረቅን። ከወዲያ ማዶ አባቴ ከወይራው ሥር ተቀምጠው ተማሪዎቻቸውን ዜማ እያስቀጸሉ ኖሯል። ዜማው ቀጥ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጓሯችን በር ተከፈተና አባቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። ሆዳቸው አብጧል። ማንም አለማየቱን ዞር ብለው አረጋገጡና ከጋቢያቸው ሥር ኳሷን አወጡ።

«ይህቺ የማን ናት?»

«የትምህርት ቤት ናት አባባ» አልኩ።

ጓደኛዬ ራመድ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ቀና አደረጓትና የማን ልጅ እንደሆነች፣ አገሯ የት እንደሆነ ጠየቋት። ነገረቻቸው። ከጭልጋ መሆኗን ሲሰሙ በልጅነታቸው ቅኔ ፍለጋ በዚያ በኩል ማለፋቸውን፣ በመንገድ ላይ አንዲት ሴት እርጎ እንዳጠጧቸው አወሩላት። ከዚያ የእንጨት በርጩማውን ስበው ተቀመጡ።

«እስቲ አሳዩኝ» አሉ።

ኳሷን ላክሁ። እሷ መለሰች። መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ወደቀች፤ በሕጋችን መሠረት እየሮጥሁ አመጣኋት። በኋላ ግን ሰውነታችን ተፍታታና ኳሷ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ያለ ማቋረጥ ትመላለስ ጀመር። አባቴ አንገታቸው ከኳሷ ጋር ወዲህና ወዲያ ይል ነበር።

«ትቀባበላላችሁ እኮ» አሉ በመጨረሻ። «እኛም ግራና ቀኝ ቆመን እንደዚሁ ነው የምንቀባበለው። አንዱ ወገን ዜማውን ከጣለው ሌላው ምን ያነሣል?» ተነሡና ወደ ቤት መግባት ጀምረው ዞር አሉ። «ሱሪውን ግን አልፈልግም።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። በሳምንቱ ከካኪ ጨርቅ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ እንደ ልብ የሚያስሮጥ ሰፊ ጉርድ ሰፋችልኝ። ከጨርቁ ስለተረፈ ለጓደኛዬም ሰፋችላት። ሚስ ስታየው ወደደችውና ለቡድኑ ሁሉ እንደዚያው እንዲሰፋ አደረገች። ወሬውም በዚሁ ቆመ።

ከደብረ ታቦር የሴት ልጆች ቡድን ሊገጥመን እንደሚመጣ ሲነገረን ሚስ ስድስት ተሰላፊ መምረጥ ጀመረች። የዚያን ዕለት ጥንዶቹን ሁሉ አቀያየረች። ጓደኛዬን ከሌላ ልጅ ጋር አቆመቻት። የፈራሁት ደረሰ። ልጅቱ በግራ በላከችላት ቁጥር ኳሷ መሬት ትወድቃለች። ሚስ ቆማ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ለጊዜው አምስታችንን በስም ስትጠራ የጓደኛዬ ስም አልነበረበትም።

ከባሕር ዛፎቹ ሥር አገኘኋት። አታለቅስም፤ የካኪውን ጉርድ አጥፋ በእጇ እያስተካከለች ነበር።

«ለሚስ እንንገራት» አልኳት።

«አይሆንም። ቃል ሰጥተሽኛል።»

«እንግዲያው ሌላ ነገር ልጠይቃት።»

ሚስ ኳሶቹን ወደ ጆንያ ስትከት ደረስኩባት። «ሚስ፣ ይፍቀዱልኝና እሷን ከኔ ጋር አንድ ጊዜ ይሞክሯት። እኔ በስተግራዋ ልቁም።»

«ለምን በስተግራዋ?»

«እንደዚያ ነው የለመድነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ሚስ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ጆንያውን ፈታችና ራሷ ከመረቡ ማዶ ቆማ ትመታልን ጀመር። ግራ፣ ቀኝ፣ ቅርብ፣ ሩቅ። «ግራጌታ!» እላለሁ፣ ጓደኛዬ ታነሣለች። ጥቂት አምልጧታል፤ ያነሣችው ግን እጅግ ይበዛ ነበር። ሚስ ስሟን ስድስተኛ አድርጋ ጨመረችላት።

ውድድሩ የተደረገው በትምህርት ቤታችን ሜዳ ነው። ደብረ ታቦሮች በአውቶቡስ መጡ፤ ሁሉም ጠንካሮች ናቸው፤ ቀይ ሹራብ ለብሰዋል። የሜዳው ዙሪያ በሰው ተሞላ። ወላጆችም ተጠርተው ነበር፤ አባቴ ግን «እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ» ስላሉ እንደማይመጡ እርግጠኛ ነበርሁ።

የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፍን። በሁለተኛው ነቃን። ነጥቡ እኩል በሆነበት ሰዓት ከማዶ ያለችው ጉልበተኛ ልጅ ኳሷን ስትመታት፣ ወደ ጓደኛዬ ግራ ጠልቃ ስትሄድ አየኋት። ባለ በሌለ ድምፄ «ግራጌታ!» አልኩ።

«አቤት!» የሚል ድምፅ ከሰዉ ኋላ አስተጋባ።

ያ ድምፅ ማኅሌቱን ሲሞላ የኖረ ድምፅ ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። አባቴ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ሰው እየገፉ ወደ ሜዳው ይመጣሉ። ገና ሜዳው መድረሳቸው ነው፤ ልጃቸው ተጎድታ የጠራቻቸው መስሏቸዋል። የደብረ ታቦር ልጆች አፋቸውን ከፍተው እሳቸውን ያያሉ። ዳኛው ራሱ ዞሯል። ያልዞረች ጓደኛዬ ብቻ ነበረች። አንገቷን ወደ ግራ መልሳ በጉልበቷ ተንሸራተተችና ኳሷ መሬት ሳትነካ አነሣቻት። እኔ ከፍ አደረግኋት፣ ከፊት ያለችው ልጃችን መታቻት። ኳሷ ባዶ ሜዳ ላይ አረፈች፤ የሚቀበላት አልነበረም።

ደብረ ታቦሮች «ቄሱ አደናገሩን!» ብለው ጮሁ። ዳኛው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነጥቡን ለኛ ሰጠ። አባቴ ደህና መሆኔን ሲያዩ አፈሩ፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ሸፈኑና ወደ ኋላ ተመለሱ። ያን ዙር አሸነፍን። በመጨረሻው ዙር ግን ተሸነፍን። ደብረ ታቦሮች በእውነት ይበልጡን ነበር።

ማታ እራት ላይ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምነው ጠራሽኝ?»

«እርስዎን አልነበረም አባባ። ኳሷ በግራ ስትመጣ ነው እንደዚያ የምንለው።»

«ታዲያ ግራ ማለት አይበቃም?»

«ግራ ብቻ ስላት ትዘገያለች፤ ግራጌታ ስላት ነው የምትነሣው።»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። አባቴ ጥቂት አሰቡ። «ማኅሌት ላይ የሚያንቀላፋ ደብተራ አለኝ፤ እሱም ያለዚያ አይነሣም» አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አባቴን እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ሰኞ ዕለት ሚስ ሁለታችንን ለብቻችን ጠራችን። ተቆጥታ አልነበረም፤ በግራ የምትመጣውን ኳስ ሁሉ እኔ እየጮህሁ እንደማስጠነቅቅ አስተውላ ኖሯል። ለጓደኛዬ «አንቺ ንገሪኝ እንጂ እሷ አትንገረኝ» አለቻት። ጓደኛዬ እኔን አየች፣ መሬቱን አየች፣ ከዚያ ነገረቻት። ሚስ ሰማቻትና «ሐኪም አይቶሽ ያውቃል?» አለች። አያውቅም ነበር።

በሌላው ቀን ሦስታችን ወደ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ረዳቱ ድሬሰር ያስተረጉምለታል። በትንሽ መብራት ሁለቱንም ዓይኗን አየ። የግራዋ እንደማትመለስ ሲነገራት ጓደኛዬ ጭራሽ አልደነገጠችም። የደነገጥነው ሚስና እኔ ነን።

«ይችኛዋስ?» አለች የቀኟን እየነካች።

ድሬሰሩ ጠይቆ መለሰላት። «ጤነኛ ናት። የዚያኛዋ ሕመም ወደዚህች አይሻገርም።»

«እስቲ እንደገና ጠይቅልኝ።»

እንደገና ጠየቀላት፤ ያው ነበር መልሱ። ጓደኛዬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው የነገረችን። ጠዋት ጠዋት ስትነቃ ሁለተኛዋም ጨልማ እንዳይሆን እየፈራች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ብዙ ትቆይ ነበር። ለእናቷም ለማንም ያልነገረችው ይህን ነበር። ሚስ አቀፈቻትና አብራት አለቀሰች።

ከሆስፒታሉ ስንወጣ ሚስ ከጣሊያን ሠፈሩ ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ገዛችልን። ጓደኛዬ እየበላች እስከ ፀዳ መንገድ ድረስ አፏ አላረፈም። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ስለ ጭልጋ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ላማቸው ስታወራ ሚስና እኔ መሐል መግባት አቃተን።

ማታውኑ ለአጎቷ ራሷ ነገረችው። አያ ወደ ጭልጋ ተመለሺ አላላትም። በማግሥቱ ገበያ ወጥቶ ፋኖስ ይዞላት ገባ። እስከዚያ ድረስ የምታጠናው በእሳት ብርሃን ነበር። «መስታወቱን ራሱ ጠራርጎ ለኮሰልኝና ሸጋ አድርገሽ አንብቢ አለኝ» አለችኝ። ትምህርቷን ጨርሳ አስተማሪ ሆና ወደ ጭልጋ ስትመለስ ያን ፋኖስ በጨርቅ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ላይ በጉልበቷ ይዛው ነው የሄደችው።